ሰው ለዕረፍት የሚደክምባት ደሴት

እኛ ስንሄድ ለጉዳይ ነው የምንሄደው። ገበያ ለመውጣት እንሄዳለን። ወፍጮ ቤት ለመድረስ እንሄዳለን። ለቅሶ ለመድረስ፣ የጠፋ ከብት ለመፈለግ እንሄዳለን። ግማሽ ቀን ዳገት ወጥተን፣ ግማሽ ቀን ቁልቁለት ወርደን ቤት ስንገባ፣ "ደከመን፣ እስቲ ትንሽ እንረፍ" እንላለን። ለእኛ ዕረፍት ማለት መቀመጥ ነው።

በሌላው ዓለም ደግሞ ሥራቸው መቀመጥ የሆነ ሰዎች አሉ። ከጧት እስከ ማታ ወንበር ላይ ናቸው። እነዚህ ሰዎች የዕረፍት ጊዜ ሲያገኙ ምን ያደርጋሉ? ይሄዳሉ! ገንዘብ ከፍለው በአውሮፕላን ይመጣሉ። ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው ዳገት ይወጣሉ። ገበያ የላቸው፣ ለቅሶ የላቸው። ተራራውን፣ ጫካውን፣ ፏፏቴውን ለማየት ብቻ ነው የሚደክሙት።

ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች እንግዳ ሲመጣ በቅሎ ያከራያሉ፣ ጓዝ ይጭናሉ፣ መንገድ ይመራሉ። ዋልያና ጭላዳ ለማየት ስንት ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ሰው አይተው፣ "ይኼ ሰው አገሩ ምን ጎድሎበት ነው?" ያሉ ሽማግሌ አይጠፉም።

ዛሬ የምናነበው ስለ አንዲት ደሴት ነው። ስሟ ሬዩኒዮን ይባላል። ወደዚያች ደሴት በእግሩ ለመሄድ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነው። እንግዳው ለዕረፍት የሚሄድበትን መንገድ መጀመሪያ ያወጡት ግን ለዕረፍት የሄዱ ሰዎች አልነበሩም። ነፍሳቸውን ለማዳን የሮጡ ሰዎች ናቸው ያወጡት።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቲቱ የት ናት?

ደሴት ማለት ዙሪያዋን ውኃ የከበባት ምድር ናት። ጣናን ያየ ሰው ደሴት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሬዩኒዮን ግን በሐይቅ ውስጥ አይደለችም። ያለችው በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ውቅያኖስ ማለት እጅግ ሰፊ ባሕር ማለት ነው። ከአፍሪካ በስተምሥራቅ ማዳጋስካር የምትባል ትልቅ ደሴት አለች። ከማዳጋስካር ወደ ምሥራቅ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ከተቋረጠ በኋላ ሬዩኒዮን ትገኛለች። ስፋቷ 2,512 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጣና ሐይቅ በስፋት ይበልጣታል። ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። የምታስተዳድራት ፈረንሳይ ናት። ከ1946 ጀምሮ እንደ አንድ የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ትቆጠራለች።

ትንሽ ብትሆንም ሜዳ ምድር አይደለችም። ከውቅያኖስ ወለል ላይ እሳተ ገሞራ ሠርቷታል። እሳተ ገሞራ ማለት ከምድር ሆድ ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ እየገነፈለ የሚወጣበት ተራራ ነው። በእኛ አገር በአፋር ኤርታሌ አለ። የሬዩኒዮን ከፍተኛው ተራራ ፒቶን ዴ ኔዥ ይባላል። ትርጉሙ "የበረዶ ጫፍ" ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል 3,070 ሜትር ነው። የእኛን ራስ ዳሽን አያህልም። ነገር ግን ከውኃው በታች ካለው ከውቅያኖሱ ወለል ጀምሮ ቢለካ 7,000 ሜትር ያህል ይሆናል።

ይህ ተራራ እሳቱ ከጠፋ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። ዝናብና ጎርፍ ጎኑን ቦርቡረው ሦስት ታላላቅ ጎድጓዳ አገሮች ሠርተዋል። እያንዳንዱ እንደ ትልቅ ድስት ነው። ዙሪያው ቀጥ ያለ ገደል፣ ውስጡ ሸንተረርና ሸለቆ ነው። ስማቸው ሲላኦስ፣ ሳላዚና ማፋት ይባላል። ወደ ሲላኦስና ወደ ሳላዚ የመኪና መንገድ አለ። የሲላኦስ መንገድ "ባለ 400 መታጠፊያ" ይባላል። በዚያ መንገድ ሆዱ ያልተገላበጠ ተሳፋሪ ጠንካራ ነው። ወደ ማፋት ግን እስከ ዛሬ የመኪና መንገድ የለም።

የሸሹት ሰዎች

እስከ 1600ዎቹ አጋማሽ ድረስ በዚህች ደሴት ኗሪ አልነበረም። በ1663 ሁለት ፈረንሳዮችና አሥር የማዳጋስካር ሰዎች ሊኖሩባት መጡ። ብዙም ሳይቆይ ተጣሉ። የማዳጋስካሮቹ ሰዎች ፈረንሳዮቹን ትተው ወደ ተራራ ሸሹ። የደሴቲቱ ታሪክ እንዲህ ጀመረ፤ ገና ከመጀመሪያው በመሸሽ።

በ1715 ከየመን፣ ሞካ ከሚባለው ወደብ፣ የቡና ችግኝ በመርከብ ወደ ደሴቲቱ መጣ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የቡና እናት አገር የት ነው? እናንተም ታውቃላችሁ። ቡና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ የመን ገባ። ከየመን ደግሞ ፈረንሳዮች ወስደው በዚህች ደሴት ተከሉት። በዚያን ጊዜ የደሴቲቱ ስም ቡርቦን ነበር። ዛሬ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ፣ በሩዋንዳም ጭምር "ቡርቦን" የሚባል የቡና ዓይነት ይለማል። ስሙን ያገኘው ከዚህች ደሴት ነው። ዘሩ ግን የእኛው ጫካ ዘር ነው።

ቡናው ብቻውን አልበቀለም። የሚተክል፣ የሚኮተኩት፣ የሚለቅም እጅ ይፈልጋል። ባለ እርሻዎቹ ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሰው እየገዙ በመርከብ አመጡ። ሰው እንደ ከብት ተቆጥሮ በዋጋ ተሸጠ። የቡናው ጊዜ ሲያልፍ ሸንኮራ አገዳ ተተካ። ሸንኮራው ደግሞ ከቡናውም ይበልጥ ጉልበት ይበላ ነበር።

ከባሪያዎቹ ብዙዎቹ ወደ ተራራ ሸሹ። "ማሮን" ተባሉ። ማሮን ማለት ከጌታው አምልጦ ዱር የገባ ሰው ማለት ነው። በ1723 ስለ ባሪያዎች ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ለአንድ ወር የጠፋ ሰው ጆሮው ይቆረጣል፣ ትከሻው በጋለ ብረት ይተኮሳል። ሁለተኛ ከጠፋ የእግሩ ጅማት ይቆረጣል። ሦስተኛ ከጠፋ ይገደላል። ሰዎቹ ይህን እያወቁ ሸሹ። እግሩ እንዳይቆረጥ የሚፈራ ሰው ሊሸሽ የሚችለው በዚያው በእግሩ ነበር።

ወዴት ሸሹ? አሳዳጅ ሊደርስበት ወደማይችለው ቦታ ነው። ገደሉን በሐረግ እየተንጠለጠሉ ወርደው ወደ እነዚያ ጎድጓዳ አገሮች ገቡ። በጋጥ፣ በዋሻ፣ በድንጋይ ክምር ሥር ኖሩ። በሲላኦስ በላይ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ብርዳማ ቦታ፣ የታሪክ አጥኚዎች ቆፍረው ሰዎቹ በድንጋይ ካብ የሠሩትን መጠለያ አግኝተዋል። በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እሳት ቢያነዱ ጢሱ ያጋልጣቸዋል። ለሚያድናቸው ሰው ገንዘብ ይከፈለው ነበር። በ1700ዎቹ አጋማሽ ፍራንስዋ ሙሳር የተባለ ሰው ማሮኖችን በማደን የታወቀ ነበር።

ማፋት የሚለው ስም ከማሮን መሪዎች የአንዱ ስም ነው ይባላል። ሲላኦስ የሚለውም በማዳጋስካር ቋንቋ "የማይለቁት ቦታ" ማለት ነው ይላሉ። ደሴቲቱን የሚገዙት ሰዎች የጻፉት ካርታ ላይ የሸሹት ሰዎች ስም ተጽፎ ቀረ።

በታኅሣሥ ወር፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1848፣ ባርነት ቀረ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ነፃ ወጣ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ቀን ከበሮ ይመታል፣ ይዘፈናል፣ ሥራ ይዘጋል።

ከነዚያ ነፃ ከወጡት አንዱን እናንሣ። ኤድሞን ይባላል። በባርነት የተወለደ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ነበር። ቫኒላ የምትባል ተክል አለች። ሐረግ ናት። ፍሬዋ ሽታው ጣፋጭ ስለሆነ ኬክና አይስክሬም ውስጥ ይገባል። አገሯ ሜክሲኮ ነው። ወደ ደሴቲቱ አምጥተው ሲተክሏት አበባ ታወጣለች፣ ፍሬ ግን አትይዝም። ምክንያቱም በአገሯ የአበባዋን ወንዴ ዱቄት ወደ ሴቴው የሚያደርሱላት ነፍሳት በደሴቲቱ የሉም። በደሴቲቱ ቀላል ዘዴ የሚያገኝ ሰው ጠፍቶ ነበር። በ1841 ኤድሞን ገና 12 ዓመቱ ሳለ ዘዴውን አገኘ። በቀጭን እንጨት የአበባዋን ስስ ሽፋን ገለጥ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱ ወንዴውን ከሴቴው አነካካ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐረጓ ፍሬ ያዘች። ዛሬም በብዙ አገር ቫኒላ የሚለማው በዚሁ ዘዴ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ ነው። በቫኒላ ብዙ ሰው ከበረ። ኤድሞን በ1848 ነፃ ሲወጣ አልቢዩስ የሚል የአባት ስም ተሰጠው፤ ገንዘብ ግን አልተሰጠውም። በ1880 በድህነት ሞተ።

መኪና የማይገባበት አገር

አሁን ወደ ማፋት እንግባ። መግቢያው ብዙ ነው። አንደኛው መግቢያ ኮል ዴ ቤፍ ይባላል፤ "የበሬዎች በር" ማለት ነው። እኛም ተራራ የሚታለፍበትን ቦታ "በር" እንለው የለ! መኪናው እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ እግር ነው። መጀመሪያ ቁልቁለት ነው። እንጨት በአግድም ተጋድሞ እንደ ደረጃ ተሠርቷል። ቀጥሎ ለጥ ያለ ጫካ ይመጣል። ዛፎቹ የግራር ዘመድ ናቸው። ዓውሎ ነፋስ ስላጎበጣቸው አንዳንዶቹ ተኝተው ያድጋሉ። ከቅርንጫፋቸው የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ላሞች በመካከሉ ይግጣሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ከተሄደ በኋላ ላ ኑቬል የሚባለው መንደር ይደረሳል። ከማፋት መንደሮች ትልቁ እሱ ነው። ትምህርት ቤት፣ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ ሱቅ አለው።

በማፋት የሚኖረው ሰው ሁሉ ተቆጥሮ 1,000 አይሞላም። በየሸንተረሩ ተበትነው ይኖራሉ። ከፊሎቹ ከማሮኖቹና ነፃ ከወጡት ሰዎች የተወለዱ ናቸው። ከፊሎቹ ደግሞ መሬት አጥተው ወደ ተራራ የወጡ የድሃ ነጮች ልጆች ናቸው። ሁለቱ ተጋብተው ተዋልደዋል። መብራታቸው ከፀሐይ ኃይል ነው። የሚበዛው ዕቃ በሄሊኮፕተር ይመጣል፤ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ጋዝ፣ የሩዝ ጆንያ። ቆሻሻውም በሄሊኮፕተር ይወጣል። ሄሊኮፕተር ደግሞ በርካሽ አይገኝም። ስለዚህ በላ ኑቬል አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከከተማው ዋጋ ቢበልጥ ማንም አይገረምም።

ደብዳቤ እንዴት ይደርሳል? በእግር። አንድ የፖስታ ሠራተኛ ለ40 ዓመት ያህል ከመንደር መንደር በእግሩ እየዞረ ደብዳቤ አድርሷል። በዚያች ደሴት ስሙን የማያውቅ የለም። ሰውየው ደብዳቤ ብቻ አልነበረም የሚያመጣው፤ መድኃኒትም፣ የጡረታ ገንዘብም፣ ወሬም ያመጣ ነበር። ደብዳቤ የመጠበቅን ነገር ማንበብ የጀመረ ሰው ያውቀዋል።

ትንንሾቹ ልጆች በየመንደራቸው ይማራሉ። ከፍ ሲሉ ግን ወደ ባሕሩ ዳር ከተሞች ወርደው፣ ሳምንቱን እዚያ አድረው፣ በዕረፍት ቀን ገደሉን ወጥተው ይመለሳሉ። ይህ ኑሮ የከበዳቸው ወላጆች መንደሩን ጨርሰው ይለቃሉ።

ለገበሬ አንባቢ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። መሬቱ የማን ነው? በማፋት መሬቱ የመንግሥት ነው። ኗሪው ቤት የሚሠራውም የሚያርሰውም በውል ነው። መሸጥ አይችልም። ለመሥራትም ፈቃድ ይጠይቃል። አያቱ የተቀበረበት ምድር ላይ ተቀምጦ ኪራይ ይከፍላል። በ2007 ደሴቲቱ ብሔራዊ ፓርክ አገኘች፤ ማፋትም ፓርኩ ውስጥ ገባች። በ2010 ደግሞ ተራሮቹና ገደሎቹ በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ይህ ጫካውን ይጠብቃል፣ እንግዳም ያመጣል። እንግዳ ሲመጣ ኗሪው አልጋ ያከራያል፣ እራት ያበስላል። ከቀድሞው እርሻ ይልቅ ዛሬ በማፋት ዋናው ገቢ ይህ ነው። ግን ዶሮ ቤት ለማስፋት እንኳ ወረቀት የሚጠየቅ ሰው ቢያጉረመርም እኔ አልፈርድበትም።

እራቱ ምን ይመስላል? ሩዝ፣ ባቄላ ወይም ምስር፣ የዶሮ ወይም የቋሊማ ወጥ፣ በጎን ደግሞ እንደ ዳጣ የሚያቃጥል በርበሬ። እንጀራ ብቻ ነው የሚጎድለው። ምስሩ የሲላኦስ ምስር ከሆነ ባለቤቱ ኩራት ይሰማዋል። የሲላኦስ ምስር ደቃቅ ነው። በእርከን ላይ በእጅ ይዘራል፣ በእጅ ይሰበሰባል። ከውጭ አገር ከሚመጣው ምስር ዋጋው በብዙ ይበልጣል፤ ቢሆንም ይሸጣል።

ዳመናና ጎርፍ

በደሴቲቱ ያለው የእግር መንገድ ሁሉ ቢደመር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በረጅሞቹ መንገዶች ላይ በድንጋይና በዛፍ ግንድ ነጭና ቀይ ቀለም ተቀብቷል። መንታ መንገድ ላይ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው የሚናገረው ብዙ ጊዜ ስለ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው። "ማርላ 2 ሰዓት" ይላል። ይህ ብልህነት ነው። በገደል አገር 5 ኪሎ ሜትር ማለት ምን ማለት ነው? ቁልቁለቱ አንድ ነገር፣ ዳገቱ ሌላ ነገር ነው። "መንገዱ ተዘግቷል" የሚል ሰሌዳም አለ። ይህንን ሰሌዳ አንብቦ የሚመለስ ሰው አለ፣ አንብቦ የሚያልፍም አለ። ማንበብ የማይችል ደግሞ ሳያውቅ ያልፋል። በዚያች ደሴት ማንበብ የሚቸግራቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በ2011 በተደረገ ጥናት ከ5 አዋቂ አንዱ ያህል ቀላል ጽሑፍ አንብቦ ለመረዳት ይቸገር ነበር። ሀብታም አገር ታስተዳድራቸዋለች፤ ችግሩ ግን እዚያም አለ።

መንገደኛ የሚነሣው በጨለማ ነው። ጧት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከረፋዱ በኋላ ግን ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ተራራውን ይዞ ይወጣና ዳመና ይሆናል። ከቀትር በኋላ ተራራው ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ከጭጋግ በቀር የሚያየው የለም። ፒቶን ዴ ኔዥን የሚወጡት በፊት ባለው ቀን ከሲላኦስ ተነሥተው ከጫፉ በታች ባለው ማደሪያ ያድራሉ። ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ባትሪ ግንባራቸው ላይ አስረው ይነሣሉ። ፀሐይ ስትወጣ ጫፉ ላይ ናቸው። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው በኩል ሦስቱ ጎድጓዶች በእግራቸው ሥር ተዘርግተው ያያሉ። ብርዱ ኃይለኛ ነው። በሐሩር አገር ደሴት ናት ብሎ በሸሚዝ ብቻ የወጣ ሰው ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

ወራቱም ይለያል። ያች ደሴት ያለችው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ነው። ስለዚህ በእኛ የክረምት ወራት እነሱ ዘንድ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ለመንገደኛ ጥሩው ጊዜ ያ ነው። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ድረስ ግን ዝናብ ነው። በመካከሉ ሳይክሎን ይመጣል። ሳይክሎን ማለት ከባሕር ላይ የሚነሣ፣ ዝናብ የተሸከመ፣ እየተሽከረከረ የሚሄድ ታላቅ ዓውሎ ነፋስ ነው። ቤት ይነቅላል፣ ዛፍ ይጥላል።

ስለዚህ ዝናብ ስነግራችሁ አታምኑ ይሆናል። ፎክ ፎክ በሚባል ቦታ በጃንዋሪ 1966 በአንድ ቀንና ሌሊት 1,825 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ። በአዲስ አበባ በዓመት ሙሉ የሚዘንበው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ሳይፈስ እንደ ወረደ ቢቆም ኖሮ ረጅም ሰው እስከ አናቱ ያሰጥም ነበር። በዓለም ላይ በ24 ሰዓት ከተለካው ዝናብ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። በ1980 ደግሞ በ15 ቀን ከ6,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ። ይህም የዓለም ክብረ ወሰን ነው። በ2025 በፌብሩዋሪ መጨረሻ ጋራንስ የሚባል ሳይክሎን ደሴቲቱን መታ። ሰው ሞተ፣ ብዙ የእግር መንገድም ተናደና ተዘጋ።

እናንተ ወንዝ ሲሞላ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁ። የጠራ ውኃ ድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ጭራሮ ሲያመጣ፣ ከላይ መዝነቡን ታውቃላችሁ። ከከተማ የመጣው እንግዳ ግን ይህን አያውቅም። ጉልበቱን ብቻ ይለካል። "ትንሽ ውኃ ናት" ብሎ ይገባል። በሬዩኒዮን ጎርፍ በየጊዜው ሰው ይወስዳል። ስለዚህ እዚያ ያሉት መንገድ መሪዎች ዝናብ ከጣለ እንግዳውን ማዶ ለማዶ ያስቀምጡታል። ቢቆጣም ይቆጣ። ውኃው እስኪጎድል ድረስ ይጠበቃል፤ ካስፈለገም እዚያው ይታደራል።

በሌላ በኩል አውሬ አይፈራም። ሰው የሚገድል መርዘኛ እባብ በደሴቲቱ የለም። ነብር የለም፣ ጅብ የለም። አደጋው እግር ሥር ያለው ገደል፣ ከላይ የሚናደው ድንጋይና ውኃው ነው።

እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ በዚህ ሁሉ መንገድ የሚሮጡ ሰዎች አሉ! ከደቡብ ጫፍ ተነሥተው ሰሜን ጫፍ ይደርሳሉ። ርዝመቱ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚወጣው ዳገት ቢደመር 10,000 ሜትር ገደማ ነው። አሸናፊዎቹ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ይጨርሳሉ። ሌላው እያነከሰ እስከ ሦስተኛው ቀን ይመጣል። የውድድሩ ስም "የእብዶች ማቋረጫ" እንደ ማለት ነው። ስም ያወጣው ሰው አልተሳሳተም።

ጫካውና ወፎቹ

ከፍ ሲባል እኛ አስታ የምንለው ተክል ዘመድ ይታያል። በባሌና በሰሜን ተራሮች አስታን ያየ ሰው በዚያ ቢቆም አገሩ የገባ ይመስለዋል። ሌላ ቦታ ፈጽሞ የማይገኙ ወፎችም አሉ። ሰው መጥቶ ድመትና አይጥ ሲያመጣ ብዙዎቹ ጠፉ። ከቀሩት አንዷ የባሕር ወፍ ናት። ቀን ባሕር ላይ ዓሣ ታድናለች፤ ጎጆዋን የምትሠራው ግን ከተራራው ጫፍ አጠገብ በገደል ላይ ነው። ጫጩቷ በኤፕሪል ግድም ለመጀመሪያ ጊዜ በሌሊት ትበርና ወደ ባሕር ትወርዳለች። የከተማው መብራት ግን ያታልላታል። መንገድ ላይ ትወድቅና መነሣት ያቅታታል። ስለዚህ በነዚያ ሌሊቶች ብዙ ከተሞች የመንገድ መብራታቸውን ያጠፋሉ። ወድቃ ያገኛት ሰው በካርቶን አድርጎ ወደሚያድኗት ሰዎች ይወስዳታል።

እሳትም ጠላት ነው። በ2011 ከማፋት በላይ ባለው ተራራ የተነሣ ቃጠሎ ከ2,500 ሄክታር በላይ ጫካ በላ። ያ ጫካ እስኪመለስ የዛሬ ልጆች ያረጃሉ።

እሳቱ ያልጠፋበት ተራራ

በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ሌላ ተራራ አለ። ፒቶን ዴ ላ ፉርኔዝ ይባላል። "የእቶን ጫፍ" ማለት ነው። ከፍታው 2,632 ሜትር ነው። ይህ ተራራ አልተኛም። በአማካይ ዓመት ሳይሞላው አንድ ጊዜ ይፈነዳል። በዓለም ላይ እንደ እሱ ቶሎ ቶሎ የሚነሣ እሳተ ገሞራ ጥቂት ነው። ደግነቱ የሚፈሰው ቀለጠ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ወደሌለበት ወገን ነው፤ ከዚያ ወደ ባሕር ይገባል።

ሁልጊዜ ግን አይደለም። በኤፕሪል 1977 እሳቱ መንገዱን ስቶ ፒቶን ሳንት ሮዝ ወደሚባል መንደር ወረደ። ሰው ከብቱንና ልጁን ይዞ ሸሸ። ቤቶች ተቃጠሉ። የቀለጠው ድንጋይ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ደረሰ። በሩን አልፎ ጥቂት ገባና ለሁለት ተከፍሎ ግድግዳውን በግራና በቀኝ ዞረው። ሕንፃው ቆሞ ቀረ። ዛሬ ደረቁ ጥቁር ድንጋይ ሕንፃውን እንደ ካብ ከቦት ይታያል። ከዚያ አደጋ በኋላ ተራራውን ሌት ተቀን የሚጠብቅ የሳይንስ ጣቢያ ተሠራ። መሣሪያዎቹ የምድሩን መንቀጥቀጥና ማበጥ ይለካሉ። ተራራው ሊፈነዳ ሲል ያብጣል፤ እንደ ሊጥ ማለት ነው።

በኤፕሪል 2007 ደግሞ ተራራው ብዙ እሳት ከጎኑ ተፋ። ሆዱ ባዶ ሲሆን አናቱ ወደ ውስጥ ተናደ። ጫፉ ላይ የነበረው ጉድጓድ ከ300 ሜትር በላይ ሰመጠ። የፈሰሰው ድንጋይ ባሕር ውስጥ ገብቶ አዲስ ምድር ጨመረ። ደሴቲቱ በዚያ ዓመት ትንሽ ሰፋች።

እንግዳው ወደዚህ ተራራ የሚሄደው መጀመሪያ በመኪና ነው። ሣር የማይበቅልበት ቀይና ጥቁር አሸዋማ ሜዳ ያቋርጣል። ከዚያ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳል። አፋፉ ላይ በር አለ። ከበሩ ወዲያ ከ500 በላይ ደረጃ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ያለው ሁሉ የቀዘቀዘ ድንጋይ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ አንዳንዱ እንደ ተሰበረ ሸክላ የሚቆርጥ። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፣ ውኃ የለም። ደርሶ ለመመለስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጭጋግ ከያዘ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ይመስላል። ሰው እንዳይጠፋ ድንጋዩ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። መንገደኛው ከነጭ ነጥብ ወደ ነጭ ነጥብ ይሄዳል።

ጣቢያው ተራራው ሊነሣ ነው ሲል በሩ ይዘጋል፤ ውስጥ ያለውም ሰው እንዲወጣ ይደረጋል። እሳቱ ሲወጣ የደሴቲቱ ሰው ልጁንና ቡናውን ይዞ በሌሊት ከሩቅ አፋፍ ላይ ቆሞ ያያል። አንዳንዱ ፍንዳታ በቀናት ይቆማል፤ አንዳንዱ ሳምንታት ይፈጃል። ሲበርድ ባለሙያዎች ገብተው መንገዱን ያያሉ። አሮጌው መንገድ በአዲስ ድንጋይ ተሸፍኖ ከሆነ በሌላ በኩል ያወጡና ነጩን ቀለም እንደገና ይቀባሉ። ከዚያም በሩ ይከፈታል።